የጡት ካንሰር ተጋላጭነት ምክር፦ በስልክ፣ በቪዲዮ ወይስ በአካል?

በአሜሪካ የምትኖር አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በአማካይ ከስምንት አንድ ያህል ነው። ሐኪሞች ብራካ 1 እና ብራካ 2 በሚሏቸው ዘረመሎች ላይ ጎጂ ለውጥ ከወላጆቿ የወረሰች ሴት ግን ይህ ዕድል ከ60 በመቶ በላይ ይሆንባታል፤ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰር ስጋትም ይታከልበታል። በዘር የሚተላለፈው ከጠቅላላው የጡት ካንሰር ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ብቻ ቢሆንም፣ ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ሊሠራ የሚቻለው በዚህ ክፍል ላይ ነው። የተጋላጭነት ምክር የሚባለው አገልግሎትም የሚሰጠው ለዚሁ ነው። ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ያላት የጄኔቲክ አማካሪ የቤተሰቡን የበሽታ ታሪክ እስከ ሦስት ትውልድ ድረስ ትጠይቃለች፣ ተጋላጭነቱን ታሰላለች፣ የዘረመል ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ታስረዳለች፣ ውጤቱ ሲመጣም ትርጉሙን ትነግራለች።

ችግሩ አማካሪዎቹ በአብዛኛው የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ባሉ የካንሰር ማዕከላትና የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መሆኑ ነው። በገጠር የምትኖር፣ ኢንሹራንስ የሌላት፣ በሰዓት የምትከፈልና ግማሽ ቀን ብትቀር ደመወዟ የሚጎድልባት፣ ወይም እንግሊዝኛ የማይቀናት ሴት አገልግሎቱ መኖሩን እንኳ ሳትሰማ ልትቀር ትችላለች። ጥቁር ሴቶች በበሽታው የሚያዙበት መጠን ከነጮቹ በጥቂቱ የሚያንስ ሆኖ ሳለ፣ በበሽታው የሚሞቱበት መጠን ግን በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የዚህ ልዩነት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ተጋላጭነትን ቀድሞ አለማወቅ ከእነዚያ አንዱ ነው። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ2023 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ሴቶች ሁሉ፣ በተለይም ጥቁር ሴቶችና የአሽከናዚ አይሁድ (መነሻቸው መካከለኛና ምሥራቅ አውሮፓ የሆነ አይሁዶች) ዝርያ ያላቸው፣ 25 ዓመት ሳይሞላቸው የተጋላጭነት ግምገማ እንዲደረግላቸው ያሳሰበውም ለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ የርቀት ሕክምና በስፋት ስለተለመደ፣ ይህን ምክር ለማግኘት ከአንድ በላይ መንገድ አለ። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ለራሷ፣ ለእናቷ ወይም ለእህቷ መንገድ ለምትመርጥ አንባቢ ነው። መመዘኛዬንም ከወዲሁ ልግለጽ። የትኛው መንገድ የተሻለ ያስረዳል የሚለው ጥያቄ በጥናት ተመልሷል፤ ልዩነቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መታየት ያለበት ከቀጠሮ እስከ ውጤት ባለው ጉዞ ውስጥ ያቺ ሴት የቱ ጋ ልትቋረጥ ትችላለች የሚለው ነው፤ መንገዱም የሚመረጠው ያንን ቦታ ለመድፈን ነው።

የስልክ ምክር

በ2014 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንደኛው ማዕከሉን በዋሽንግተኑ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ያደረገ፣ ሌላው በዩታ በከተማና በገጠር የሚኖሩ ሴቶችን ያካተተ፣ በስልክ የሚሰጠው ምክር በአካል ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይተዋል። በስልክ የተመከሩት ሴቶች ስለ ጉዳዩ ያገኙት ዕውቀትም ሆነ የተሰማቸው ጭንቀት በአካል ከተመከሩት ጋር ተቀራራቢ ነበር። በጆርጅታውኑ ጥናት ወጪውም ቀንሷል።

ሆኖም ከነዚሁ ጥናቶች ውስጥ ብዙም የማይነገርለት ሌላ ቁጥር አለ። ምክሩን ካገኙ በኋላ ምርመራውን እስከ መጨረሻው ያደረጉት ሴቶች በጆርጅታውኑ ጥናት በስልክ 84 በመቶ፣ በአካል 90 በመቶ ነበሩ። በዩታ ደግሞ ከአንድ ዓመት ክትትል በኋላ በስልክ 28 በመቶ፣ በአካል 37 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኝተዋል። በጆርጅታውኑ ጥናት ላይ በተደረገው ተጨማሪ ትንተናም በስልክ ከተመከሩት መካከል ምርመራውን ሳያደርጉ የመቅረት ዕድላቸው ከፍ ያለው ነጭ ያልሆኑት ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ የስልክ ምክር ይጠቅማቸዋል ተብሎ ከሚታሰቡት ሴቶች አንዳንዶቹ በዚሁ በስልክ መንገድ ላይ ይቋረጣሉ ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም። በአካል የሄደች ሴት ከአማካሪዋ ጋር ተነጋግራ እንደጨረሰች በዚያው ሕንፃ ውስጥ ደም ወይም ምራቅ ሰጥታ ትወጣለች። በስልክ የተመከረችው ግን ምክሩ ካለቀ በኋላ ገና ብዙ ይቀራታል። የናሙና ዕቃው በፖስታ እስኪደርስ መጠበቅ፣ መመሪያውን አንብቦ መረዳት፣ ናሙናውን ከመስጠቷ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳትበላና ሳትጠጣ መቆየት፣ በትንሿ ቱቦ ላይ እስከተሰመረው መስመር ድረስ ምራቅ መሙላት፣ ስሟንና የልደት ቀኗን በትክክል መጻፍ፣ ከዚያም ሣጥኑን መልሶ መላክ ይኖርባታል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ወይም በስፓኒሽ ብቻ ተጽፎ ከመጣ፣ ሣጥኑ ማቀዝቀዣው ላይ እንደተቀመጠ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የልደት ቀን ነገር ቀላል እንዳይመስል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ወይም በስደት ወረቀት ላይ ጥር 1 ተብሎ የተሞላ ቀን ከሐኪም ቤቱ መዝገብ ጋር ካልገጠመ ላቦራቶሪው ናሙናውን ሊያግደው ይችላል።

ይህ ሁሉ የስልክ ምክር ይቅር የሚያሰኝ አይደለም። በቤቷ ኢንተርኔት ለሌላት ወይም የስልኳ ዳታ ለሚያልቅባት ሴት፣ በተለይም ፌዴራል መንግሥት ለኢንተርኔት ይሰጥ የነበረው ድጎማ በ2024 አጋማሽ ገንዘቡ አልቆ ከተቋረጠ ወዲህ፣ ተራ ስልክ አሁንም ሁሉ የሚደርስበት መንገድ ነው። ላይፍላይን የሚባለው የቆየ ድጎማ ቢኖርም በወር 9.25 ዶላር ብቻ ስለሆነ ለቪዲዮ የሚበቃ ዳታ ለመግዛት አያስተማምንም። ስልክን የምትመርጥ ሴት ግን ቀጠሮ ስትይዝ ሁለት ነገሮችን መጠየቅ አለባት። አንደኛው የናሙናው ዕቃ ከምክሩ ቀን በፊት ቤቷ ደርሶ አማካሪዋ በስልክ ላይ እያለች ናሙናውን መስጠት ትችል እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ሣጥኑ ካልተመለሰ ማን ደውሎ እንደሚከታተላት ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ የሰው ስምና ቁጥር የሚሰጥ ክሊኒክ ሥራውን የሚያውቅ ክሊኒክ ነው።

የስልክ ሌላው ድካም ዝምታን አለማሳየቱ ነው። ብዙዎቻችን ያልገባንን ነገር ሐኪም ሲነግረን እንኳ ከአክብሮት የተነሣ «እሺ፣ እሺ» እያልን እናሳልፈዋለን፤ በአካል ቢሆን ፊታችን ያሳብቅብን ነበር። ስለዚህ ጥሩ አማካሪ በየመሐሉ ቆም ብላ የተባለውን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ ትላለች። እሷ ባትጠይቅ እንኳ ሰሚዋ ራሷ «እስካሁን የገባኝ ይህ ነው» ብላ ብትደግመው ክፍተቱ በግማሽ ይደፈናል።

ቪዲዮ፦ ከቤት ወይስ ከአቅራቢያ ክሊኒክ?

ቪዲዮ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በራስ ስልክ ከቤት ሆኖ መነጋገርን ነው። ለምርጫው ወሳኝ ሆኖ የማገኘው ግን ሌላው ዓይነት ነው። ሴትየዋ ለደም ግፊት ወይም ለልጇ ክትባት ወደምትሄድበት የሰፈር ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ አማካሪዋ በሩቅ ከተማ ሆና በስክሪን ትቀርባለች፤ ናሙናው እዚያው በነርስ ይወሰዳል።

በሰሜን ካሮላይና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በገጠር ክሊኒኮች ይህን ዓይነቱን የቪዲዮ ምክር በአካል ከሚሰጠው ጋር በማነጻጸር በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ለአንድ ታካሚ በቪዲዮ 106 ዶላር፣ በአካል 244 ዶላር ገደማ ወጪ ተመዝግቧል። አማካሪዋ ከከተማ ወደ ገጠር የምትመላለስበት ጊዜና ነዳጅ የተቆጠበው በቪዲዮው ነው። በቀጠሮው ቀን የተገኙት ግን በቪዲዮ 79 በመቶ፣ በአካል 89 በመቶ ነበሩ። ማሽን ብቻ ወደሚጠብቃት ክፍል ለመሄድ አንዲት ሴት የምታሳየው ጉጉት ሰው ወደሚጠብቃት ክፍል ከምትሄድበት ያነሰ ቢሆን አይገርምም። ስለዚህ በጤና ጣቢያው የምታውቃት ነርስ ወይም የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ቀድማ የምትደውልላትና በሩ ላይ የምትቀበላት ከሆነ፣ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን መንገድ ነው።

የፌዴራል ድጎማ ያላቸው የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሰዎች እንደ ገቢያቸው መጠን ያስከፍላሉ፤ መክፈል ባለመቻሉም ማንንም አይመልሱም። ሁሉም ማዕከላት የዘረመል ምክርን በቪዲዮ ያቀርባሉ ማለት ግን አይደለም። «ከየትኛው የካንሰር ማዕከል ጋር ትሠራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ «አገልግሎቱ አላችሁ ወይ?» ከማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ከቤት የሚደረግ ቪዲዮ የሚሻለው ጥሩ ኢንተርኔትና የሚዘጋ በር ላላት ሴት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ብርቅ ነው። በአንድ አፓርታማ አማትና ልጆች ባሉበት፣ ስለ ጡትና ስለ ኦቫሪ፣ ስለ ውርጃና ስለ ወር አበባ መናገር ለብዙ ሴት የማይሞከር ነው። አንዳንዶች በሥራ ቦታቸው መኪና ማቆሚያ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ መኪናው ቆሞ እስካለ ድረስ መጥፎ መፍትሔ አይደለም።

አንድ ሕጋዊ ጉዳይም አለ። ከ30 በላይ የሆኑ ስቴቶች የጄኔቲክ አማካሪዎችን ፈቃድ ስለሚጠይቁ፣ አማካሪዋ ፈቃድ ሊኖራት የሚገባው በውይይቱ ሰዓት ታካሚዋ በምትገኝበት ስቴት ነው። አሌክሳንድሪያ እየኖረች ሲልቨር ስፕሪንግ የምትሠራ ሴት ቀጠሮዋን በምሳ ሰዓት ከሥራ ቦታዋ ልታደርግ ካሰበች፣ ከቨርጂኒያ ሳይሆን ከሜሪላንድ እንደምትነጋገር ቀድማ ማሳወቅ አለባት፤ አለበለዚያ ቀጠሮው በዕለቱ ሊሰረዝባት ይችላል።

በአካል መሄድ የሚሻለው መቼ ነው?

እዚህ ላይ ብዙ መተንተን አያስፈልግም። የመስማት ችግር ያለባት፣ ካንሰሩ አሁን የተገኘባትና ስለ ቀዶ ሕክምናው በሳምንታት ውስጥ መወሰን ያለባት፣ ስልኳ በሌላ ሰው እጅ የሚቆይ ወይም በቤቷ ሰላም የሌላት ሴት በአካል ብትሄድ ይሻላታል። የካንሰር ማዕከሉ ለቤቷ ቅርብ የሆነላትም እንደዚሁ፤ ቅርብ እያለ ርቀትን መምረጥ ትርጉም የለውም።

የጽሑፍ ቻትቦትና በራስ የሚገዛ ምርመራ

በዩታና በኒውዮርክ በሚገኙ ሁለት የጤና ተቋማት የተደረገና በ2024 የታተመ ጥናት፣ የመጀመሪያውን መረጃ በስልክ በሚላክ ቻትቦት፣ ማለትም በጽሑፍ በሚያነጋግር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የተቀበሉ ሰዎች በተለመደው መንገድ ከሄዱት ጋር ተመጣጣኝ በሆነ መጠን ወደ ምርመራ እንደደረሱ አሳይቷል። ማንበብ ለሚቀናት ሴት ቻትቦት ጥሩ መግቢያ ነው፤ ሆኖም ውጤት ሲመጣ የሚያስረዳ ሰው ከበስተኋላው መኖሩን ማረጋገጥ ይገባታል።

ከኢንተርኔት የሚገዙ የዘር ሐረግ ምርመራዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ድርጅት በ2018 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘበት የብራካ ምርመራ በሺዎች ከሚቆጠሩት የታወቁ ለውጦች መካከል ሦስቱን ብቻ የሚያይ ነበር፤ እነርሱም በብዛት የሚገኙት በአሽከናዚ አይሁዶች ዘንድ ነው። ቁጥሩ በኋላ ከፍ ቢልም አሁንም ከጠቅላላው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊት ሴት «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ምንም አያረጋግጥላትም። ድርጅቱ በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ መጠየቁና የደንበኞቹ የዘረመል መረጃ በማን እጅ ይወድቃል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ደግሞ ሌላው ማሰቢያ ነው።

አስተርጓሚ

መንገዱ የትኛውም ይሁን፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም የጤና ተቋም ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ከ2010ሩ የጤና እንክብካቤ ሕግ የሚመነጭ ነው። ልጅን ማስተርጎም ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ሕጉም አይፈቅድም፤ ባልን ወይም እህትን ማስተርጎምም አይመከርም፤ ምክንያቱም የሚነገረው ውጤት የነሱንም ጤና የሚነካ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ ርቀት ራሱ ጥቅም የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአንድ ከተማ ያለው ሐበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ በአካል የመጣችው አስተርጓሚ በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕቁብ የምትታወቅ ልትሆን ትችላለች፤ ይህን የምትፈራ ሴት ስለ እናቷ ሕመም ሙሉውን አትናገርም። በስልክ የምትገባው አስተርጓሚ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ስቴት የምትሠራና ከስሟ ይልቅ መለያ ቁጥሯን የምትናገር ናት። ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ቋንቋዋ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሆነችም አማርኛ ትችያለሽ ተብላ እንዳትገፋ በራሷ ቋንቋ ትጠይቅ። በአስተርጓሚ የሚደረግ ውይይት ጊዜ ስለሚወስድ ቀጠሮው እንዲረዝም ከመጀመሪያው ማሳሰብ ያስፈልጋል።

የቤተሰብ ታሪክ

የምክሩ ጥራት የሚወሰነው ይዛ በምትቀርበው የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ለዚህም ከቀጠሮው በፊት ወደ አገር ቤት መደወል ያስፈልጋል። በአገራችን ካንሰር በስሙ ስለማይጠራ፣ «ካንሰር ያለበት ዘመድ አለን?» የሚለው ጥያቄ «የለም» የሚል መልስ ብቻ ያመጣል። ይልቅ ማን በስንት ዓመቷ ገደማ እንዳረፈች፣ ጡቷ ላይ እብጠት ወይም ቁስል እንደነበረ፣ ጡቷ ተቆርጦ እንደሆነ፣ ሆዷ ተነፍቶ የሞተች ሴት እንዳለች መጠየቅ ይሻላል፤ የሆድ መነፋት ሌላም ምክንያት ቢኖረው የኦቫሪ ካንሰር ፍንጭ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው በቁጥር ባይታወቅ «ልጆቿን ሳትድር» ወይም «በደርግ ጊዜ» የሚለውም ለአማካሪዋ ይጠቅማል።

የአባት ወገን እኩል ይቆጠራል፤ ለውጡ ከአባትም ይወረሳልና። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ በብዙ ክሊኒኮች በፈጣን የስልክ ማጣሪያ የሚሠራበት የጌይል ስሌት እናትን፣ እህትንና ሴት ልጅን ብቻ ስለሚጠይቅ ነው፤ የአባት እህቶች ሁለቱም በጡት ካንሰር ቢሞቱ እንኳ ስሌቱ አያያቸውም። ታይረር ኩዚክ የተባለው ስሌት የአባትንም ወገን ያካትታል። በማጣሪያው «ተጋላጭነትሽ ዝቅተኛ ነው» የተባለች ሴት በየትኛው ስሌት እንደተሰላ ብትጠይቅ መብቷ ነው።

ክፍያ

በ2010ሩ ሕግ መሠረት አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች በቤተሰብ ታሪካቸው ምክንያት መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሴቶች ምክሩንም የብራካ ምርመራውንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፍናሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2013 በተፈጥሮ የሚገኝ ዘረመል የአንድ ኩባንያ የፈጠራ ባለቤትነት ሊሆን አይችልም ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ በሺዎች ዶላር ይጠየቅበት የነበረው ምርመራ ከኪስ ለሚከፍሉ በአንዳንድ ላቦራቶሪዎች ወደ 250 ዶላር ወርዷል። ቀጠሮ ሲያዝ መጠየቅ ያለበት ኢንሹራንሱ የስልክን ምክር እንደ ቪዲዮው እኩል ይከፍል እንደሆነ ነው።

በ2008 የወጣው የዘረመል መረጃ አድልዎ መከላከያ ሕግ የጤና ኢንሹራንሶችና 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች በውጤቱ ምክንያት እንዳያገሉ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይጨምርም፤ ስለዚህ ለመግባት ያሰበች ሴት ይህን ከምርመራው በፊት ከአማካሪዋ ጋር ብትነጋገርበት ይሻላል።

ከውጤቱ በኋላ

ውጤቱ በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ጎጂ ለውጥ ከተገኘ፣ የመጀመሪያው ምክር በስልክ የነበረ ቢሆንም ውጤቱን በቪዲዮ ወይም በአካል መስማት ይሻላል። ጎጂ መሆኑ ያልተወሰነ ለውጥ ተገኘ የሚለው ውጤት ደግሞ የምርምር መዝገቦቹ በአብዛኛው በአውሮፓውያን ዝርያ ላይ ስለተመሠረቱ በእኛ ዓይነት ሰዎች ላይ ይበዛል፤ በእሱ ብቻ ተመርኩዞ ቀዶ ሕክምና አይወሰንም።

የርቀት ምክር ማሞግራም (የጡት ራጅ) እና ኤምአርአይ (በመግነጢስ የሚነሣ የሰውነት ውስጥ ምስል) ሊያነሣ አይችልም። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ከ2007 ጀምሮ የሕይወት ዘመን ተጋላጭነታቸው 20 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ሴቶች ከማሞግራም በተጨማሪ በየዓመቱ ኤምአርአይ እንዲነሡ ይመክራል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት «ተጋላጭነቴ ከፍተኛ ሆኖ ቢገኝ ኤምአርአዩን የሚያዝልኝ ማን ነው? የት ነው የምነሣው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኢንሹራንስ ለሌላት ገቢዋ ዝቅተኛ ለሆነ ሴት፣ በ1990 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ፕሮግራም በየስቴቱ የማሞግራም ወጪ ይሸፍናል፤ የዘረመል ምርመራን ግን አይሸፍንም።

ለውጡ የተገኘባት ሴት እህቶችና ወንድሞች እያንዳንዳቸው ያንኑ ለውጥ የመያዝ ዕድላቸው 50 በመቶ ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ለቅርብ ዘመዶች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በነፃ ወይም በቅናሽ ይመረምራሉ፤ አማካሪዋም ለዘመዶች የሚሰጥ ደብዳቤ ታዘጋጃለች። እህቶቿ በአዲስ አበባ፣ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ ካሉ ደብዳቤው የለውጡን ትክክለኛ ስያሜ መያዝ አለበት፤ የሚመረምረው ላቦራቶሪ የትኛውን ለውጥ እንደሚፈልግ የሚያውቀው በዚያ ነውና።